በሰው ቀን መሞት

በሐይፋ ውኃ አይቋረጥም፣ መብራትም አይጠፋም። በፈረቃ የሚወጣውና የሚገባው ሰው ነው።

አንድ ቀን የአይሁድ ነው፤ ማግስቱ የዓረብ። ቀኑ ያልሆነለት ሰው በሩ አይከፈትለትም፤ መጋረጃውን ጋርዶ ቤቱ ይውላል። ከየበሩ በላይ አንዲት ትንሽ መብራት አለች። ሰማያዊ ስትሆን አይሁዳዊቷ ጊላ ትወጣለች፣ አረንጓዴ ስትሆን ትቀመጣለች። ከጎኗ ባለው ቤት የምትኖረው ኡም ሳልህ ደግሞ የዚህ ግልባጭ ናት። ደረጃው አንድ፣ ሊፍቱ አንድ፣ የቆሻሻ ማጠራቀሚያውም አንድ ነው፤ ሰዎቹ ግን ደረጃው ላይ ተላልፈው አያውቁም። ቀኑን ያካፈለው ውል ሲፈረም የዓለም መሪዎች እየመጡ ፎቶ ተነሡ፣ እርስ በርሳቸውም ተሸላለሙ። ሐቁን ለመናገር ከዚያ ወዲህ በሐይፋ ጎዳና ላይ ሰው ሰውን በጩቤ ወግቶ አያውቅም። ለመዋጋትም እኮ መገናኘት ያስፈልጋል።

ዓርብ ምንጊዜም የሙስሊሙ ነው፣ ሰንበት ምንጊዜም የአይሁዱ። ክርስቲያኖቹ እሑድን ጠይቀው ግማሹን አገኙ፤ በቀረው ቀን ከማን ጋር እንደሚወጡ እስካሁን ኮሚቴ እየመከረበት ነው። በዓል የመጣለት ወገን በዓሉን እስከ መጨረሻው ይወስዳል። በሌላው ቀን ጥርሱን ያመመው ሰው እስከ ማግስት ያቃስታል። ምጥ የያዛት ሴት ግን ትወጣለች፤ ለሚወለድ ልጅ ውሉ ይራራል። ለሞተ ሰው አይራራም።

ጊላ ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት የሒሳብ አስተማሪ ናት። የምታስተምርበት ክፍል በማግስቱ የሌሎች ልጆች ክፍል ይሆናል። ማታ ከመውጣቷ በፊት እያንዳንዱን ወንበር ከሥሩ እየዳበሰች፣ ልጆቹ ለማያውቋቸው የወንበር ተጋሪዎቻቸው የሚተዉትን ትለቅማለች፤ አንዳንዴ ማስቲካ፣ አንዳንዴ በእርሳስ የተሳለች ድመት፣ አንዳንዴ በናፕኪን የተጠቀለለ ግማሽ ብስኩት። መመሪያው ወደ ማዶ የሚሻገር ነገር እንዳይተው ያዛል። በመጀመሪያው ዓመት ድመቶቹን ስትጥል ሆዷ ይባባ ነበር። አሁን እንዲሁ ትጥላለች።

ባሏ ከውሉ በፊት ትቷት ሄዷል። አንዲት ልጅ አለቻት፣ ኖአ የምትባል፣ ይኸው ውል በጸናበት በደቡብ የምትኖርና በመጪው ወር ኤላድ የሚባል እጮኛዋን ልታገባ ቀን የቆረጠች። ቤት ውስጥ አብራት ያለችው እናቷ ወይዘሮ ትርንጎ ነበረች።

ትርንጎ ከወገራ ተነሥተው የሱዳንን በረሃ በእግራቸው ካቋረጡት ቤተ እስራኤሎች መካከል በእናቷ ጀርባ ታዝላ የመጣች ናት። ገና እንደገቡ፣ አይሁድነታችሁ ይጽና ተብለው ውኃ ውስጥ ጠልቀው እንዲወጡ ተጠየቁ። አባቷ ይህን እስኪሞት ድረስ ይቅር አላለም፤ ለኦሪቱ ሲል ርስቱን ጥሎ የመጣ ሰው እንደ አዲስ ሊነከር! ወጣት ሆና ደም ለገሰች፤ የእነሱ ወገን የሚሰጠው ደም በጓሮ እንደሚደፋ የሰማች ቀን እህል ሳትቀምስ ዋለች። ልታገባ ስትል ደግሞ ዘሯን ቆጥራ እንድታስረዳ ሽማግሌ ፊት አቆሟት።

«ስመጣ መረመሩኝ፣ ስሰጥ መረመሩኝ፣ ሳገባ መረመሩኝ» ትል ነበር። «ስሞት ግን አይነኩኝም።»

ይህን የምትለው በከንቱ አልነበረም። በሰው ቀን የሞተ ሰው፣ ቀኑ እስኪደርስ የሚቆይበት አንድ ቤት አለ፤ ሕዝቡ «ቀዝቃዛው ቤት» ይለዋል። የውሉ ኮሚሽን ነው የሚያስተዳድረው። እዚያ የገባ ሬሳ ሁሉ ደሙ ይቀዳል፤ የትኛው መቃብር እንደሚገባ የሚወስነው ማሽን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑና ዘመድ ይስማማሉ። ሐበሾቹ ላይ ሲደርስ ግን ማሽኑ ይንተባተባል። የትርንጎ ታናሽ ወንድም አለምነው በጁምዓ ቀን ሞቶ እዚያ ገብቶ ነበር፤ ሲወጣ «አልተረጋገጠም» ተብሎ ከመቃብሩ አጥር ውጪ ተቀበረ። ትርንጎ በአጥሩ ወዲህ ቆማ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን የወንድሟን አፈር እያየች ነበር ያለቀሰችው።

ያን ዕለት ማታ ቤት ገብታ የጊላን እጅ ያዘች።

«ጊልዬ፣ በሞትኩበት ቀን አፈር አልብሺኝ። እዚያ ቤት እንዳታስገቢኝ። በአባትሽ አጥንት ማይልኝ።»

«እማዬ፣ ምን የሞት ወሬ ነው...»

«ማይልኝ አልኩሽ!»

ጊላ ማለች።

ትርንጎ የሞተችው በአረፋ የመጀመሪያ ቀን ጠዋት ነው። ከታች መንገዱ በተክቢራ ይናጣል፣ አዲስ ልብስ የለበሱ ልጆች ይንጫጫሉ፤ አራቱም የበዓል ቀናት የሙስሊሙ ናቸው። «ውኃ» አለች እናቷ፤ ጊላ አመጣችላት፤ ሁለት ጊዜ ጎንጨት አድርጋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጊላ ብርጭቆውን እንደያዘች ጠበቀች። ከዚያ «እማዬ» አለች። ደግማም «እማዬ» አለች።

የመለሰላት ቤቱ ነው። የቤቱ ድምፅ የሴት፣ ለስላሳና ትሑት ነው።

«ከነዋሪዎቹ አንዷ መተንፈስ አቁመዋል። የተሰማንን ኀዘን እንገልጻለን። የሟች ወገን፣ አይሁድ። የዛሬው ቀን የሌላ ወገን ነው። መኪና ልላክልዎ?»

«ቆይ» አለች ጊላ።

«እስከ ቀትር እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ መኪናው በራሱ ይመጣል። መጽናናትን እንመኛለን።»

ጊላ የእናቷን ዓይን ከደነች። እጇን አልሳመችውም፣ አላለቀሰችም፤ ለልቅሶ ጊዜ አልነበራትም። ሮጣ ኩሽና ገባች።

ከሁለቱ ቤቶች ኩሽና ጀርባ፣ በሁለት ግድግዳ መካከል፣ ልብስ የሚሰጣበት ጠባብ ክፍተት አለ። መስኮቶቹ ፊት ለፊት ናቸው፣ የልብሱ ገመድም በመዘውር ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል። ውሉን ያረቀቁት ሰዎች በረንዳውን፣ ጣሪያውን፣ ምድር ቤቱን፣ ስልኩን ሁሉ አስበውበታል። የልብስ ማስጫውን ረሱት፤ በሕይወታቸው ልብስ አስጥተው የሚያውቁ አይመስልም። በዚህች መስኮት ትርንጎና ኡም ሳልህ ለዓመታት ሲያወጉ ኖረዋል፤ ትርንጎ ልጅ ሆና ዓመታት በቆየችበት የሱዳን መጠለያ በለቃቀመቻት ዓረብኛ፣ ኡም ሳልህ በሆስፒታል ስትሠራ በተማረችው ዕብራይስጥ። ሎሚው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ የጉልበት ቅባቱ በገመዱ ላይ በካልሲ ተቋጥሮ ይመላለሳል። ጎረቤት መሆናቸውን የሚያውቀው ገመዱ ብቻ ነበር።

«ኡም ሳልህ!»

አሮጊቷ የበዓል ነጭ ሻሿን እንዳሰረች ብቅ አለች። የጊላን ፊት አይታ ምንም ሳይነገራት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ኢናሊላሂ... መቼ?»

«አሁን። አሁን ነው። ኡም ሳልህ፣ ቀትር ላይ ሊወስዷት ነው። ወደዚያ ቤት ሊወስዷት ነው። ማልኩላት እኮ! በአባቴ አጥንት ነው ያስማለችኝ!»

ኡም ሳልህ ስለ ቀዝቃዛው ቤት፣ ስለ አለምነውም፣ ስለ አጥሩም ሁሉን ታውቃለች፤ ትርንጎ በዚያች መስኮት ያልነገረቻት ነገር የለም።

«ዛሬ የኛ ቀን ነው» አለች። «የኛ ሰው ቢሞት ዛሬውኑ ይቀበራል። ሸኹ ይመጣል፣ ሁለት ሰው ይመሰክራል፣ ደም የሚቀዳ የለም።»

ጊላ በመስኮቱ አንገቷን አሰገገች።

«ሙስሊም ናት ልበል?»

«እኔ በይ አላልኩሽም። ያለውን ነገርኩሽ።»

«እርስዎስ? በሐሰት መመስከር በእናንተ ዘንድ...»

«ከታላላቆቹ ኀጢአቶች አንዱ ነው» አለች ኡም ሳልህ ቆፍጠን ብላ። «በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ቀን አልገባበትም። አንቺ ለቤትሽ የምትነግሪውን ታውቂያለሽ። እኔ ግን የማውቀውን ብቻ ነው የምናገረው።»

«እኔን ነገ ምን ይሉኛል?»

«አንቺን? አንቺ የአባትሽ ልጅ ነሽ። ልጅ ወደ አባቱ ነው። የእናትሽ ወገን ቢቀየር አንቺን ምን ሊነካሽ?»

ጊላ ይህን ስትሰማ ልቧ አረፈ። አባቷም ከልጅነቷ ጀምሮ ያስጠናት ይህንኑ ነበር፤ አጥንትሽ የአባትሽ ነው፣ ዘር የሚቆጠረው በወንድ ነው እያለ ሰባት ትውልድ በቃሏ ያስወርዳት ነበር። በወገራ እንዲህ ነበር። በሐይፋ ዓረቦች ዘንድም እንዲህ ነው። በሁለቱ ሴቶች መካከል ባለችው በዚያች መስኮት ላይ ነገሩ ፀሐይ የሞቀው እውነት ነበር።

ወደ መኝታ ቤት ተመልሳ እናቷ አጠገብ ቆመች።

«የሟች ወገን ተሳስቷል» አለችው ለቤቱ። «እናቴ ሙስሊም ናት።»

«አመሰግናለሁ» አለ ቤቱ። ከበሩ በላይ ያለችው መብራት አረንጓዴ እንደሆነች ብልጭ ብልጭ አለች። «የወገኖቿ ምስክሮች እንዲገቡ በሩ ይከፈታል። እርስዎ ከበሩ እንዳያልፉ ይሁን።»

መጀመሪያ የገባችው ኡም ሳልህ ናት። ያን ሁሉ ዓመት የሚያውቋት ከደረት በላይ ነበርና አጭርነቷ ጊላን አስደነገጣት፤ ለካ አሮጊቷ ስታወጋቸው የኖረችው በርጩማ ላይ ቆማ ነው። ተቃቀፉ። የኡም ሳልህ ልብስ የጥቁር አዝሙድና የሳሙና ሽታ አለው። ከኋላዋ ልጇ ሳልህ ገባ፤ አውቶቡስ ነጂ ነው፣ ፀጉሩ ገባ ገባ ብሏል፣ ዓይኑን ከምንጣፉ ላይ አላነሣም። ሁለት አጣቢ ሴቶች ተከተሉ። በመጨረሻ በደረጃው የደከሙ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሸኽ ናዲም የተባሉ ሰው መጡና ወንበር ጠየቁ።

ሸኹ ተቀምጠው ቤቱን ቃኙት። መደርደሪያው ላይ ሁለት የሰንበት መቅረዞች አሉ። ጊላ ማንሣት ረስታቸው ነበር። ሸኹ አዩዋቸው፤ አላዩም የሚል አይኖርም። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ኡም ሳልህ መለሱ።

«የሟች ስም?»

«ትርንጎ።»

«ምን ማለት ነው?»

«የሐበሻ ስም ነው፣ ያ ሸኽ። ፍሬ ናት።»

«ሐበሻ» አሉ ሸኹ። «ቢላልም ሐበሻ ነበሩ።»  ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ እየጠበቀ ነው። ጊላ፣ «ሙስሊም ነበረች ወይ» ብለው በቀጥታ ከጠየቁ ኡም ሳልህ እንደማትዋሽ ታውቃለች።

ሸኹ ያን ጥያቄ አልጠየቁም።

«ስለዚች ሟች ምን ትመሰክራላችሁ?» አሉ፤ በየቀብሩ እንደሚጠየቀው።

«ከመልካም በቀር አናውቅባትም» አለች ኡም ሳልህ።

«ከመልካም በቀር አናውቅባትም» አለ ሳልህ።

«ለማን ነበር የምትሰግደው?»

«ለአንዱ። ተጋሪ ለሌለው ለአንዱ። ጠዋት ጠዋት በመስኮት ስሰማት ኖሬያለሁ። እኔ እንቅልፍ ይዞኝ የሱብሒ ሰላት ሊያመልጠኝ ሲል እሷ ናት በጸሎቷ የምትቀሰቅሰኝ።»

«ወደ የት ዞራ?»

ኡም ሳልህ ክንዷን ዘርግታ ወደ ደቡብ፣ ወደ ኩሽናው ግድግዳ አመለከተች። ከሐይፋ ሲታይ ኢየሩሳሌም በዚያ በኩል ናት። መካም በዚያው በኩል ናት። ሸኹ የተዘረጋውን ክንድ ተከትለው ግድግዳውን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት።

«በዚያ በኩል ነው» አሉ። «አላህ ይቀበላት። እጠቧት።»

ወንዶቹ ወጡ። ሴቶቹ ትርንጎን ከቀኝ ጎኗ ጀምረው አጠቧት፤ እፍረቷን በጨርቅ ሸፍነው፣ ውኃውን ለብ አድርገው፣ በመጨረሻው ውኃ ላይ መዓዛ ያለው ካፉር ጨምረው። ጊላ ማንቆርቆሪያውን ያዘች። እናቷ ትንሽ ሆናባት ነበር።

«እናቴ ስትነግረኝ በአገራቸው ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ከሰው ይለያል» አለች፤ ምን ብላ እንዳወራችው እንጃ።

«እኛስ ተለያይተን አይደል የምንኖረው?» አለች ኡም ሳልህ፣ የትርንጎን ፀጉር እያደረቀች። «ምናልባት ሁላችንም ሬሳ ነክተን ይሆናል።»

ከፈኑ ነጭ ነው፣ ኪስ የለውም፣ ስፌት የለውም። የአይሁዶቹም እንዲሁ ነው። ሊያወጧት ሲሉ ጊላ ወደ ጆሮዋ ተጠግታ እናቷ ስትደግመው የምትሰማውን የግእዝ ጸሎት የምታውቀውን ያህል አለች፤ መሃሉን ዘለለችው። አጣቢዎቹ እንዳልሰማ ሆነው ባልዲ አጣጠቡ።

እስከ በሩ ሸኘቻት። ከዚያ በላይ መሄድ አትችልም። ሮጣ መስኮቱ ጋ ሄዳ መጋረጃውን በጣቷ ከፈት አደረገች፤ ይህም በውሉ ያስቀጣል፣ ግን ማን ቆጥሮት። ቃሬዛው ከሕንጻው ወጣ። መንገዱ በበዓል ልብስ ሞልቷል። ሰዉ ተከፈለ። ቀብር ሲያልፍ ያገኘ ሰው ጥቂት መሸከም ጽድቅ ነው የሚሉት፣ የማያውቋት ወንዶች ከየሱቁ፣ ከየመኪናው እየወጡ ትከሻቸውን አቀበሉ። አንዱ ለልጁ የገዛውን ፊኛ ለሚስቱ ሰጥቶ ገባ። ትርንጎ በዚያ ከተማ በኖረችበት ዘመን ሁሉ ያን ያህል ሰው ለእሷ መንገድ ለቆ አያውቅም። ጊላ በመስኮቱ ላይ ሆና ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ከኀዘኑ ጋር ደስታም ነበረበት፣ ኩራትም ነበረበት። ቃሏን ጠብቃለች። እናቷ ሳትነካ፣ ሳትመረመር፣ በሞተችበት ቀን አፈር ለብሳለች።

ኡም ሳልህ ማታ በመስኮቷ «በቀኝ ጎኗ አስተኟት፣ ፊቷን ወደዚያ» አለቻት። ከዚያ በኋላ የበዓሉን ሥጋ በገመዱ ላከችላት፤ ጊላ የራሷ ሕግ ስለማይፈቅድላት ሥጋውን መልሳ ሩዙን በላች። ኡም ሳልህ አልተቀየመችም።

አረፋ አለፈ። በማግስቱ የጊላ ቀን ነበር። ሐዘን ላይ ብትሆንም ወደ እናቷ መቃብር ሄዳ ልትቆም አስባ ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ፊት ቆመች። መብራቷ አረንጓዴም ሰማያዊም አይደለችም። ጠፍታለች።

«በሩን ክፈት» አለች።

«ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለ ቤቱ። «ወገንዎ እንደገና ተጣርቷል። በአይሁድ ሕግ ልጅ እናቷን ትከተላለች። እናትዎ ሙስሊም ናቸው። ስለዚህ እርስዎ አይሁዳዊት አይደሉም። ይህ ቀን የእርስዎ አይደለም።»

የጊላ እጅ እጀታው ላይ ቀረ። ይህን ሕግ አታውቀውም ማለት አይቻልም፤ ተወልዳ ያደገችው እዚያው ነው፣ ማንም ሕፃን ያውቀዋል። ያን ጠዋት ግን ከአባቷ አፍ የሰማችው ከመጽሐፍ ከተማረችው ቀድሞ ነበር የመጣላት።

«እሺ» አለች በመጨረሻ። «ታዲያ ነገ እወጣለሁ። በአረንጓዴው።»

«ጥያቄዎን ለሌላው ወገን አስተላልፋለሁ» አለ ቤቱ፤ ጥቂትም አልቆየ። «መልስ መጥቷል። በእስልምና ሕግ ልጅ አባቱን ይከተላል። አባትዎ አይሁዳዊ ናቸው። ያ ቀንም የእርስዎ አይደለም። ለትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።»

«ታዲያ የኔ ቀን የቱ ነው?»

ቤቱ ጥያቄውን እንዳልተረዳው ገልጾ በሌላ አባባል እንድትደግምለት ጠየቃት።

ኖአ የደወለችው በዚያው ሳምንት ነው። ድምፅዋ እየተቆራረጠ ነበር፤ እያለቀሰች ይሁን እየተናደደች መለየት ያስቸግራል።

«እማ፣ ምን አድርገሽ ነው? የጋብቻ ቢሮው ፋይላችንን መለሰው። አያትሽ ሙስሊም ናት፣ እናትሽ ወገን የላትም፣ አንቺም የለሽም አሉኝ። የኤላድ እናት ፊት ነው ያነበቡልኝ! የኔም በር ዛሬ አልተከፈተም። ሥራ አልሄድኩም።»

«ልጄ፣ እኔ እኮ...»

«ሳትነግሪኝ! አንድ ቃል ሳትነግሪኝ!»

«ጊዜ አልነበረም። ማልኩላት ኖአ። አጎቴን ያደረጉትን ታውቂያለሽ።»

ኖአ ትንፋሿን ሰበሰበች። ስትቀጥል ድምፅዋ ረጋ ያለ ነበር፤ ጊላን ያስፈራትም እርጋታዋ ነው።

«ጠበቃ ጠየቅሁ። አንድ መንገድ አለ። አንቺ ከፈረምሽ መቃብሩ ይከፈትና ደም፣ ደም ባይገኝ አጥንት ይወሰዳል። ማሽኑ አይሁድ ናት ካለ ሁሉም ነገር ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ያንቺም የኔም።»

«አይሆንም።»

«እማ...»

«አይሆንም አልኩሽ! በሕይወቷ ሙሉ እየሸሸችው የኖረችውን፣ አሁን ከአፈር አውጥቼ? ደግሞስ አልተረጋገጠም ካለ? እንደ አለምነው ከአጥር ውጪ ሊጥሏት?»

«እሷ ሞታለች» አለች ኖአ። «እወዳት ነበር፣ አንቺም ታውቂያለሽ። ግን ሞታለች። እኔ ገና መኖር አልጀመርኩም። በሩን የምትዘጊብኝ ለሞተ ሰው ብለሽ ነው።»

 ልጇ የተናገረችው ውሸት አልነበረም። እናቷ ያስማለቻትም ውሸት አልነበረም።

«አልፈርምም» አለች። ስልኩ ተዘጋ።

ከዚያ ወዲያ ቤቷ ተቀመጠች። ክፍሏን ሌላ አስተማሪ ያዘው። መንገዱ አንድ ቀን በዕብራይስጥ ይንጫጫል፣ አንድ ቀን በዓረብኛ፤ እሷ ሁለቱንም በመጋረጃ ውስጥ ሆና ትሰማለች። ምግብ የምትልክላት ኡም ሳልህ ናት፤ በገመዱ፣ በካልሲ ሳይሆን አሁን በትልቅ ፌስታል። አሮጊቷ ነገሩን ከሰማች ጀምሮ ራሷን ትረግማለች።

«እኔ ነኝ። ልጅ ወደ አባቱ ነው ያልኩሽ እኔ ነኝ። ምላሴ በተቆረጠ!»

«እርስዎ ምን ያድርጉ፣ የአባቴን ቃል ነው የነገሩኝ» ትላታለች ጊላ። ስለ ኖአና ስለ መቃብሩ ግን አልነገረቻትም። በኡም ሳልህ ዘንድ የሙት መቃብር መክፈት ሕያውን እንደ ማረድ ነው፤ ለዚያውም መስክራ ያስቀበረቻትን፣ በእጇ ያጠበቻትን። ደግሞም ምን ያስነግራል፤ አልፈርምም ብላለች፣ ነገሩ አልቋል። በየዓርቡ ኡም ሳልህ መቃብር ወርዳ ትመለስና በቅሏል ያለችውን ሣር፣ ያጠጣችውን ውኃ ትነግራታለች። ጊላ ለዚያች ወሬ ስትል ዓርብን ትጠብቅ ነበር።

የልጅ ልጅም መፈረም እንደምትችል አልጠየቀችም። ለመጠየቅም አላሰበችም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሳህን እያጠበች ሳለ ከሳሎን «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማች። መጀመሪያ ምን እንደሆነ አላወቀችውም፤ ከሰማችው ቆይታለች። እጇን በቀሚሷ እያበሰች ወጣች። መብራቷ ሰማያዊ ሆናለች። በሩ ስንጥቅ ያህል ተከፍቶ ከደረጃው ቀዝቃዛ አየር ይገባል።

«እንኳን ደስ ያለዎት» አለ ቤቱ። «የእናትዎ ወገን ያለ ጥርጥር ተረጋግጧል። አይሁዳዊት ናቸው። አጥንታቸው ወደ ተገቢው መቃብር እስኪዛወር በቀዝቃዛው ቤት በክብር ይቆያል። ይህ ቀን የእርስዎ ነው።»

ጊላ ባለችበት ቁጭ አለች፤ ወንበር ላይ ሳይሆን መሬት ላይ። እናቷ በሕይወቷ አንድ ጊዜ እንኳ ያላገኘችው ምስክርነት ይኸው ተሰጣት።

ከኩሽናው በኩል የኡም ሳልህ ድምፅ መጣ። ቀኗ ባይሆንም ከግድግዳው ማዶ ሆና የበሩን ድምፅ ሰምታዋለች፤ በርጩማው ላይ ስትወጣ እንኳ ይሰማል።

«ጊላ! ጊላ ልጄ! ተከፈተልሽ? አልሃምዱሊላህ! አልሃምዱሊላህ፣ ዱዓዬ ተሰማ! ምን ትጠብቂያለሽ፣ ሂጂ እንጂ፣ እናትሽ ጋ ሂጂ! ከትልቁ የወይራ ዛፍ በስተቀኝ ናት፣ ዓርብ ዕለት አጠጥቻታለሁ!»

ጊላ አፏን በእጇ ያዘች። አሮጊቷ እየሳቀች፣ እያለቀሰች፣ የወይራውን ዛፍ ምልክት ደጋግማ ትነግራት ጀመር።